«ጥናቱ አልቋል፣ ቅርስ የለም» ከተባለ በኋላ፦ ለጠጠር ካባ የታሰበ ኮረብታ ላይ ምን መታየት እንዳለበት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመውና ልጀምር፣ ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን። ወላጆችሽ ጉራጌ ሶዶ ውስጥ ናቸው፣ በቡታጅራው መንገድ በኩል። ከቤታቸው በላይ ያለው ኮረብታ ለገረጋንቲና ለጠጠር ካባ ሊሰጥ ነው። ግጦሹ ላይ ሦስት አራት የቆሙ ድንጋዮች አሉ፣ ጫፉ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የድሮ መቃብር አለ፣ ከስር ደግሞ ሰፈሩ የሚቀዳበት ምንጭ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ «ጥናቱ አልቋል፣ ቅርስ የለም» ተባለና ሰው ተበተነ። አንቺ የምትጠይቂው ምን መጠናት ነበረበት፣ ማን ነው የሚያጠናው፣ አሁንስ ምን ማድረግ ይቻላል ነው።

የኔ ሙያ አርኪዮሎጂ ነው፣ ለመንገድና ለካባ በሚሠሩ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቶች ውስጥ የቅርሱን ክፍል ስሠራ ቆይቻለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ ከዛ በኩል ያለውን ነው፣ ሕጉን ስጠቅስም የጠበቃ ምክር አድርገሽ አትያዥው።

መጀመሪያ «ቅርስ የለም» ስለሚለው። ይሄ ዓረፍተ ነገር ክብደት የሚኖረው ከጀርባው ሥራ ሲኖር ነው፤ ማን ሄደ፣ በየትኛው ወር ሄደ፣ ኮረብታውን በየት በየት በኩል ረገጠው፣ ጂፒኤሱ የመዘገበው የእግር መስመር የታለ፣ ፎቶው የታለ፣ ከሰፈሩ ማንን አነጋገረ። እነዚህ ሪፖርቱ ውስጥ ከሌሉ «የለም» ያሉት ሳያዩ ነው። አንዳንዴ እኮ የቅርሱ ክፍል ከሌላ ሪፖርት ተገልብጦ የሌላ ወረዳ ስም እንኳን ሳይነሳ ይመጣል፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሪፖርቱን ራሱን ጠይቁ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጁ፣ 299/1995፣ ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል፣ በተለይ ደግሞ ጉዳቱ ሊደርስበት ከሚችለው ማኅበረሰብ። «ሚስጥር ነው» የሚላችሁ ካለ ወይ ሕጉን አያውቀውም ወይ እናንተ እንድታውቁት አይፈልግም።

ሌላ ቦታ ቢሆን ትንሽ ለዘብ እል ነበር፣ ሶዶ ላይ ግን አልችልም። ጥያን ሁሉም ያውቃታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናት፣ 36 ድንጋዮች፣ ከነሱ 32ቱ ሰይፍና ሌላ ሌላ ምልክት የተቀረጸባቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ጥያ ብቻዋን አለመሆኗን ነው። የዩኔስኮ መግለጫ ራሱ ሶዶ አካባቢ እስካሁን ወደ 160 የሚሆኑ የአርኪዮሎጂ ቦታዎች ተገኝተዋል፣ ጥያ ከነሱ መሀል ዋናዎቹ ውስጥ ናት ነው የሚለው። አጥርና ጠባቂ ያለው ከነዛ በጣም ጥቂቱ ነው፣ የቀረው ማሳ ውስጥ፣ ግጦሽ ላይ፣ የእንሰት ጓሮ ጥግ ላይ እንዳለ ነው፣ ልክ እንደናንተ ኮረብታ። እና ደግሞ ድንጋዮቹ ዝም ብለው የቆሙ አይደሉም፣ ጥያ ላይ ሲቆፈር ከስራቸው የተገኘው መቃብር ነው፣ ተኮራምተው የተቀበሩ ሰዎች። ስለዚህ ኮንትራክተሩ ሲመጣ «ችግር የለም ድንጋዮቹን አንስተን በክብር ጥግ እናቆምላችኋለን» ካለ፣ በደግነትም ሊለው ይችላል፣ እሺ እንዳትሉ። ድንጋዩ ተነሳ ማለት መቃብሩ ያለምልክት ቀረ ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ቦታውን የሚያገኘው ዶዘሩ ነው።

በዛው መንገድ ወደ አዲስ አበባ ስትመለሺ አዋሽን የምትሻገሪበት ቦታ ላይ ደግሞ መልካ ቁንጡሬ አለ። እዛ የተገኘው የድንጋይ መሣሪያና የሰው ዘር ቅሪት ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፣ እ.ኤ.አ. በ2024 አጠገቡ ካለው ባልጪት ከሚባል ቦታ ጋር ዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ይሄን የማነሳው ኮረብታችሁ መልካ ቁንጡሬ ነው ለማለት አይደለም፣ አይደለምም። ግን መልካ ቁንጡሬ ላይ ያ ሁሉ የታየው አዋሽ አፈሩን ቆርጦ ስላሳየን ነው፤ ወንዝ ያልቆረጠው ቦታ ላይ ያለው ነገር ከአፈር ስር ነው ያለው፣ የሚቆርጠው የመጀመሪያው ነገር ደግሞ ኤክስካቫተር እንዳይሆን ነው ጥናት የሚባለው።

አሁን ወደ ሥራው። ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚጀምረው የሚጠናውን መሬት ከማሳነስ ነው። ካርታው ላይ ኮረብታው በቀይ ይከበባል፣ «የካባው ቦታ ይሄ ነው፣ አምስት ሄክታር ምናምን» ይባላል፣ ሰዎቹም እሱን ብቻ ዞረው ይመጣሉ። ካባ ግን ጉድጓዱ ብቻ አይደለም! የመኪና መግቢያ መንገድ አለ፣ ድንጋይ መፍጫው ክሬሸር የሚተከልበት ሜዳ አለ፣ ከላይ የሚገፈፈው አፈር የሚቆለልበት አለ፣ የተፈጨው ጠጠር የሚከመርበት፣ የነዳጅና የሠራተኛ ካምፕ፣ ደማሚት ካለ ማከማቻው። በኔ ልምድ ከጉድጓዱ ይልቅ ብዙ ነገር የሚያጠፋው መግቢያ መንገዱና ክሬሸሩ ሜዳ ነው። ለምን መሰለሽ፣ ኮረብታው ላይ ባዶ ባዛልት ከሆነ አፈሩ ስስ ነው፣ የተቀበረ ነገር ቢኖር እንደናንተው መቃብርና ሐውልት ነው፣ እሱ ደግሞ ይታያል። ከኮረብታው ግርጌ ግን ለዘመናት ከላይ እየታጠበ የወረደ አፈር አለ፣ ወፍራም ነው፣ ሰውም ድሮም ቢሆን የሰፈረው ውሃው ዳር እዛው ግርጌው ላይ ነው። እና ክሬሸር የሚተከለው የት ነው? ሜዳ የሆነው ግርጌ ላይ! ስለዚህ ሪፖርቱን ስታገኙ መጀመሪያ የምታዩት ካርታ ላይ መንገዱና ክሬሸሩ ተስለው እንደሆነ ነው። ካልተሳሉ ጥናቱ ግማሽ ነው፣ ሌላውን ገጽ ሳታነቡ ይሄን መናገር ትችላላችሁ።

ከመሬት በፊት ወረቀት ላይ የሚሠራ አለ። የቆዩ የአየር ፎቶዎችና 1 ለ50,000 ካርታዎች አሉ፣ የሳተላይት ምስልም ዛሬ ማንም ስልኩ ላይ ያያል፣ በደረቅ ወር የተነሳውን ፈልጋችሁ እዩ ሣር በሌለበት የድንጋይ ክብ፣ የድሮ አጥር፣ የእግር መንገድ ይወጣል። የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የቅርስ መዝገብ አለው፣ እሱ ውስጥ ቦታችሁ ካለ በጣም ጥሩ፣ ከሌለ ግን መዝገብ ውስጥ አለመኖር ቅርስ አለመሆን አይደለም፣ ያልተመዘገበ ስንት አለ። የቅርስ አዋጁ 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው ባለው ታሪካዊ፣ ባህላዊና ሳይንሳዊ ዋጋ እንጂ መዝገብ ላይ በመስፈሩ አይደለም።

ከዛ እግር ነው። አምስት ስድስት ሰው በመስመር ይቆማል፣ በመሀላቸው አሥር ወይም አሥራ አምስት ሜትር፣ ዓይን መሬት ላይ፣ ቀስ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከዛ ዞሮ ቀጣዩን መስመር። አሰልቺ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ሌላ መንገድ ግን የለውም። ወሩ ትልቅ ነገር ነው። ጥርና የካቲት አዝመራው ተነስቶ ሣሩ ሲደርቅ ወይም ልክ መጀመሪያ እንደታረሰ አፈሩ ሲገለበጥ ብዙ ይታያል፤ ነሐሴ ላይ ሣሩ ጉልበት ደርሶ «ምንም አላየንም» የሚል ሪፖርት ግን እውነቱን ነው፣ ምንም አላየም! ስለዚህ ቀኑን ተመልከቺ። የተገኘ ነገር ሁሉ ቦታው ጂፒኤስ ይወሰዳል፣ አጠገቡ መለኪያ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል፣ ተነስቶ ግን ኪስ አይገባም፣ እዛው ይተዋል።

ሸክላ፣ ባልጩት፣ የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ፣ ወፍጮ ድንጋይ፣ አመድማ አፈር፣ የድንጋይ ክምር፣ እነዚህ ናቸው ዋናዎቹ ምልክቶች። ባልጩት ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ያ ጥቁር እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ድንጋይ። ሰው ሲያገኘው ወይ «ኧረ ይሄማ ጠርሙስ ስባሪ ነው» ብሎ ይጥለዋል ወይ ደግሞ «የሚሊዮን ዓመት ነው» ይላል። ሁለቱም ሊሆን ላይሆን ይችላል፣ ምክንያቱም በጉራጌም በሌላውም የደቡብ አካባቢ ቆዳ ፋቂዎች በባልጩት መፋቂያ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ሠርተዋል፣ ስለዚህ የአያታችሁ ጎረቤት የጣለውም ሊሆን ይችላል፣ እሱም ራሱ ቅርስ ነው በነገራችን ላይ። ዕድሜውን የሚለየው አሠራሩና አብሮት ያለው ነገር ነው፣ ለዛ ነው የሚያውቅ ሰው ቦታው ላይ መሄድ ያለበት፣ ፎቶ ብቻ አይተን አንፈርድም።

እባካችሁ አትቆፍሩ ግን። ልጆቹ «ማስረጃ እናውጣ» ብለው መቃብሩን ሊነኩ ይችላሉ፣ የዋህነት ነው፣ ግን ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፣ ኮንትራክተሩም እናንተም እኩል። ከዛም በላይ የተነካ መቃብር ማስረጃነቱ ይቀንሳል፣ «ድሮም የተረበሸ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በነፃ ትሰጧቸዋላችሁ። ባለሙያው የሙከራ ጉድጓድ ካስፈለገው ፈቃዱን አውጥቶ ይቆፍራል፣ በተለይ ያልኩሽ ግርጌው ላይ።

ከእግር ቀጥሎ ጆሮ ነው፣ እንደውም ብዙውን ጊዜ ቅድሚያ ያለው እሱ ነው። የሶዶ ሽማግሌዎች ስለ ድንጋዮቹ የሚሉት አላቸው፣ «የግራኝ ድንጋይ» የሚለውን ሰምተሽ ይሆናል። ተመራማሪዎች ድንጋዮቹ ከግራኝ ዘመን በፊት የነበሩ ናቸው ይላሉ፣ ይሄ ግን የሰፈሩን ትረካ «ስህተት» ብለን የምንጥልበት ምክንያት አይሆንም፤ ትረካው እንደተባለ ይጻፋል፣ ዕድሜው ለብቻው ይጠናል፣ ሁለቱም ሪፖርቱ ውስጥ ይገባሉ። ችግሩ ማን ይጠየቃል የሚለው ላይ ነው። የቀበሌ ስብሰባ የሚጠራው አባወራውን ነው፣ ምንጩን ግን የምታውቀው እናትሽ ናት፣ በየትኛው ወር እንደሚቀጥን፣ የትኛው ዓይኑ እንደማይደርቅ፣ ማን ጸበል ነው እንደሚለው። ኮረብታውን ደግሞ ስንጥቅ በስንጥቅ የሚያውቀው እረኛ ነው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስብሰባ አይጠራም። ጥሩ አጥኚ ከሽማግሌ ጋር ቡና ጠጥቶ አይመለስም፣ ከብት ከሚጠብቀው ልጅ ጋር ኮረብታው ላይ ይወጣል። ቤተክርስቲያኑም መስጊዱም ይጠየቃሉ፣ መቃብሩ የማንም ሊሆን ይችላልና፣ የክስታኔ (የሶዶ ጉራጌ) የባህል ሕግ የሆነው የጎርደና ሽማግሌዎችም የግጦሹን ወሰንና የጋራ መሬቱን ነገር ከቀበሌው መዝገብ በላይ ያውቁታል።

ካርታ ላይ የማይወጣ ሌላ ነገር አለ፣ ጀፎረ። ጉራጌ ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ቤቶቹ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አረንጓዴ የጋራ ሜዳ፣ መስቀል የሚከበርበት፣ ለቅሶ የሚቀመጥበት፣ ከብት የሚውልበት፣ ወሰኑ በባህል ሕግ የተጠበቀ። አሁን በኢንጂነሩ ዓይን እይው፦ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ቤት የሌለበት፣ ካሳ የሚጠየቅበት ሰብል የሌለበት። ለሲኖትራክ መንገድ ከዚህ የተመቸ የታለ! ስለዚህ እናንተ ሰፈር ጀፎረ ካለ መግቢያ መንገዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ አሁኑኑ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ማንም ክፉ ሳያስብ ካርታው ራሱ ወደዛ ይጎትታቸዋል። ጀፎረ ተሽከርካሪ ከገባበት ሣሩም ሥርዓቱም አብሮ ነው የሚሄደው፣ ይሄ ደግሞ የካሳ ኮሚቴው ፎርም ላይ ቦታ የለውም። ኮሚቴው የሚቆጥረው ባሕር ዛፍ፣ እንሰት፣ ቡና፣ ቤት ነው። የጋራ የሆነውንና ዋጋ የማይወጣለትን ነገር የሚይዘው የተፅዕኖ ጥናቱ ብቻ ነው፣ ለዛ ነው ጥናቱ ላይ ይሄን ያህል የምከራከረው።

መሬቱን በተመለከተ አጠር ላድርገው፣ አንድ ሁለት ነገር ላይ ግን እቆማለሁ። አንደኛ ድንጋዩ ራሱ ለጠጠር ይሆናል ወይ? ሰው ይሄን አይጠይቅም፣ ይገርመኛል። ለአስፋልትና ለኮንክሪት የሚሆን ጠጠር የሎስ አንጀለስ የሚባለውን የመፋቅ ሙከራ ማለፍ አለበት፣ በስብሶ የላላ ባዛልት ወይም ቀይ ስኮሪያ (ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ለገረጋንቲ ቢሆን እንጂ ለዛ አይሆንም። እናንተ አካባቢ ደግሞ ያው የድሮ እሳተ ገሞራ ሰንሰለት ስለሆነ የድንጋዩ ዓይነት ከኮረብታ ኮረብታ ይለያያል። አንዳንዴ ኮረብታ የሚመረጠው ለዋናው መንገድ ስለቀረበ ብቻ ነው፣ የላብራቶሪ ውጤት ሳይወጣ። ስለዚህ «የሙከራ ውጤቱን አሳዩን፣ ሌላስ የትኛውን ኮረብታ አይታችሁ ጣላችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። አማራጭ ማቅረብ የተፅዕኖ ጥናት መደበኛ ክፍል ነው፣ ባዛልት ሶዶ ውስጥ ሞልቷል፣ የቆመ ድንጋይ ግን በሌላ አይተካም። በኔ ግምት እንደዚህ ዓይነት ጉዳይ ብዙውን ጊዜ በሰላም የሚያልቀው በክርክር ሳይሆን ካባው ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ፈቀቅ ሲል ነው፣ ለኮንትራክተሩም ከአንድ ዓመት ጭቅጭቅ ይረክሳል።

ሁለተኛው ምንጩ። ካባው ከተከፈተ በኋላ ምንጩ ቢቀንስ «ዝናብ ስለጠፋ ነው» ነው የሚባለው፣ ተቃራኒውን ለማሳየት ከበፊቱ የተለካ ነገር ያስፈልጋል። መሣሪያ አያስፈልግም፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ ይሞላል፣ በየሳምንቱ በአንድ ቀን በአንድ ሰዓት፣ ደብተር ላይ ከነቀኑ፣ ሁለት ሰው ይፈርምበት። ከአሁን ጀምሩት። የቤቱንም ግድግዳ ስንጥቅ ካለ ስንጥቁን ከሌለም ደህናውን ግድግዳ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑ እንዲታይ። ደማሚት ሲፈነዳ መሬት ይንቀጠቀጣል፣ ይሄ ይለካል፣ በሰከንድ ስንት ሚሊሜትር በሚል። ብዙ አገር እንደ ማጣቀሻ የሚጠቀምበት ዲን 4150 የሚባለው የጀርመን ደረጃ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ ለተራ መኖሪያ ቤት 5 ሚሊሜትር በሰከንድ፣ ለቅርስና በቀላሉ ለሚጎዳ ሕንጻ 3 ይላል። የቆመ ድንጋይ ደግሞ መሠረቱ ሲሚንቶ አይደለም፣ አፈር ነው፣ ግማሹ ዘሞ ነው ያለው። ስለዚህ እያንዳንዱ ድንጋይ አሁን ስንት እንደዘመመ በግንበኛ ቱምቢ ይለካ፣ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ ይነሳ። «ካባው ከመጀመሩ በፊትም ዘሞ ነበር» የሚለው ክርክር በዚህ ያልቃል። የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ተቆልሎ መጨረሻ ላይ መመለሱ፣ ጉድጓዱ ተስተካክሎ መሞላቱ፣ ለዛ የሚሆን ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ሳይሞላ የተተወ ካባ ክረምት ውሃ ይዞ ልጅና ከብት ሲበላ ሁላችንም ሰምተናል።

ማን ነው የሚያጠናው ላልሽው፣ ኮንሰልታንቱን የሚቀጥረውም የሚከፍለውም ባለፕሮጀክቱ ነው። ሰው ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል፣ ግን ብዙ አገር አሠራሩ ይሄው ነው፣ ሚዛኑ ያለው የሚገመግመው መንግሥት መሆኑ ላይ ነው፣ እናንተ ጋ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት። የኮንስትራክሽን ማዕድን ፈቃዱንም የሚሰጠው ክልሉ ነው። 299/1995 እንደሚለው የተፅዕኖ ግምገማ ያስፈለገው ፕሮጀክት ያለ ይሁንታ ሥራ መጀመር አይችልም፣ ፈቃድ ሰጪውም መሥሪያ ቤት ይሁንታው መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። የማዕድን አዋጁ 678/2002 ደግሞ የመቃብርና የሃይማኖት ቦታን፣ የአርኪዮሎጂ ቅሪት ያለበትን ቦታ ለይቶ ይጠቅሳል፣ እንደማንኛውም ባዶ ኮረብታ አያያቸውም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 92 ላይ በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ በዕቅዱ ላይ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። «ተነገራቸው» እና «ተመከሩ» አንድ አይደለም፣ ቃለ ጉባኤው ላይ የተባለው ነገር ተጽፎ እንደሆነ እዩ፣ ወይስ ስምና ፊርማ ብቻ ነው ያለው።

ስብሰባ ላይ አንድ ሌላ መልስ ደግሞ ይመጣል፣ «ስንቆፍር ቅርስ ካገኘን እናሳውቃለን፣ ሕጉ እንደዛ ነው የሚለው»። አዎ ይላል፣ የቅርስ አዋጁ አንቀጽ 41 በማዕድን ፍለጋም በግንባታም ጊዜ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ጠብቆ እንዲያቆይ ያስገድዳል። ግን ይሄ አንቀጽ ለአጋጣሚ ነው የተጻፈው። አባትሽ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት፣ ከመንገድ የሚታይ ድንጋይ በምን ሒሳብ ነው አጋጣሚ የሚሆነው? የሎደር ሹፌር በቀን ይሄን ያህል መኪና ጫን ተብሎ ታዝዞ፣ ባልዲው ውስጥ የገባውን የሸክላ ስባሪ ይለያል ብሎ መጠበቅ ያው ራስን ማታለል ነው። ቅድመ ጥናቱ ካለ በኋላ እንደ ተጨማሪ መከላከያ ጥሩ ነው፣ በቅድመ ጥናት ፋንታ ግን አይሆንም።

ጠጠሩ ለምን እንደሚሄድም አጣሩ። ለመንገድ ከሆነ መንገዱን ማን ነው ገንዘብ የሚሰጠው? የዓለም ባንክ ካለበት ቅርስን የሚመለከት ራሱን የቻለ መስፈርት አለው፣ ስምንተኛው፣ የኮንትራክተሩ ካባም የፕሮጀክቱ አካል ተደርጎ ነው የሚታየው እንጂ «ካባው የኛ ጉዳይ አይደለም» አይባልም። የአቤቱታ መቀበያም እንዲኖር ያስገድዳል። እንደዚህ ሲሆን አንድ የሰፈር ደብዳቤ ከምታስቢው በላይ ይሄዳል።

አሁን ምን ታደርጋላችሁ። ከሁሉ በፊት ከአባትሽና ኮረብታውን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር አንድ ቀን ውጡና እያንዳንዱን ነገር፣ ድንጋዮቹን፣ መቃብሩን፣ ምንጩን፣ ዛፉን፣ ሸክላ የሚወጣበትን ማሳ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ስልኩ ሎኬሽን እንዲይዝ ሴቲንጉን ክፈቺው። አንድ ሩቅ ፎቶ ከኮረብታው ጋር፣ አንድ ቅርብ ከጎኑ ሰው ወይ ዱላ ቆሞ። ከዛ በሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፣ ምሬት አይብዛው፣ እዚህ ቦታ ይሄ አለ፣ ይሄው ፎቶው፣ ይሄው ቦታው፣ ሪፖርቱ ላይ ግን የለም፣ ስለዚህ የቅርስ ባለሙያ ወርዶ ሳያይ ውሳኔ እንዳይሰጥ እንጠይቃለን። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም፣ ለክልሉ አካባቢ ጥበቃ፣ ግልባጭ ለማዕድን ፈቃድ ሰጪውና አዲስ አበባ ላለው ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን። አራቱም ጋ መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ኮፒው ላይ ማህተምና ቀን አስመቱ፣ በቃል የተነገረ ነገር በኋላ የለም። ይሁንታው ቀድሞ ተሰጥቶ ከሆነም በ299/1995 ቅሬታ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይቀርባል፣ ኃላፊውም በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ መስጠት አለበት።

ደብዳቤው ላይ «ልማት አንፈልግም» የሚመስል ነገር አታስገቡ፣ ካልፈለጋችሁ በስተቀር። ሰፈሩም መንገድ ይፈልጋል፣ ወጣቱም ሥራ ይፈልጋል፣ ጠጠሩ ከሆነ ቦታ መውጣቱ አይቀርም። ጥያቄያችሁ ከዚህ ኮረብታ ይውጣ ወይ፣ ከወጣስ ከየትኛው ጎን ነው። ምናልባት ባለሙያው ወርዶ ካየ በኋላ የሰሜኑ ፊት ባዶ ድንጋይ ነው፣ ከዛ ማውጣት ይቻላል፣ ግጦሹና ግርጌው ግን ይከለል፣ መንገዱም በሌላ በኩል ይዙር ሊል ይችላል። ይሄ ጥሩ ውጤት ነው፣ እንዳትጥሉት። ክለላው ግን የሚለካው ከድንጋዩ ሳይሆን ከመቃብሩ ዳር ነው፣ መቃብሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ደግሞ ሳይጠና አይታወቅም፣ ስለዚህ «20 ሜትር እንተውላችኋለን» የሚል ከኪስ የወጣ ቁጥር ሲመጣ 20 ከየት መጣ በሉ።

ይሄ ሁሉ ሳይሆን ነገ ጠዋት ዶዘር ቢገባስ? መሳሪያው ፊት አትቁሙ፣ ሹፌሩ ታዞ ነው የመጣው። የፈቃዱን ወረቀት እንዲያሳዩ ጠይቁ፣ በቪዲዮ ያዙት፣ ታርጋውንና የገባበትን ሰዓት ጻፉ፣ በዛኑ ቀን ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ሄዳችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፣ አጥንት ወይም የተሠራ ድንጋይ ከወጣ ደግሞ አንቀጽ 41ን ጠቅሳችሁ ለፖሊስም አሳውቁ። የወጣውን ነገር ቤት አትውሰዱት፣ ባለበት ሸፍናችሁ ሰው አስቀምጡ። ሪፖርቱ እጅሽ ከገባ የቅርሱን ክፍልና ካርታውን ብቻ ነጥለሽ ለጥፊው፣ ገጽ በገጽ አይቼ የጎደለውን እነግርሻለሁ።